ሳንጠራችሁ መርዶ ለነገራችሁልን

ሚያዝያ 2002 ዓ.ም.
ወላይታ ሶዶ

የሰው ስልክ ለሚያዳምጠውና በሩ ላይ ስም ላልተለጠፈበት ቢሮ፣
ለክቡር ኃላፊው፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? ከሁሉም አስቀድሜ የጆሮዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ፤ በዚህ የምርጫ ሰሞን የስንቱን ሳል፣ የስንቱን ሐሜት፣ የስንቱን ባልና ሚስት ኩርፊያ ሲያዳምጡ እንደሚውሉ ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል። እኛ ደኅና ነን ብዬ አልዋሽዎትም፤ ብዋሽም ያውቁብኛል።

ለእርስዎ ራሴን ማስተዋወቅ ባያስፈልግም፣ ደብዳቤዬ በጋዜጣ ስለሚወጣ ለሌላው አንባቢ ስል ልናገር። ማሞ ሐብተማርያም እባላለሁ፤ ሶዶ ገበያ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። አረካ የምትኖር አሰፋሽ የምትባል እህት አለችኝ። አንድ ልጇ ዘሩባቤል በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ባለፈው መጋቢት ሚሌ አጠገብ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። አሰፋሽ ዛሬ ከቢሮዎ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጇን ድምፅ። ፎቶግራፉ ግድግዳችን ላይ አለ፣ ጫማው አልጋው ሥር አለ፤ ድምፁ ግን ያለው እናንተ ዘንድ ነው። ወደዚህ ልመና ከመድረሴ በፊት፣ ባለጌ እንዳልባል፣ ለተደረገልን ሁሉ ላመስግን።

አንደኛ፤ ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ካገባችኝ ጀምሮ አንድም ወሬዬን እስከ መጨረሻው ሰምታልኝ አታውቅም፤ የእናንተ ሰው ግን ከሰላምታው እስከ ስንብቱ ቃል ሳይጥል መስማቱን፣ ሊይዙን የመጡት ሰዎች አለቃ ቃሌን መልሶ ፊቴ ላይ ሲጮኸው ተረድቻለሁ። በወላይትኛ ስናወራም አስተርጓሚ ቀጥራችሁልናል አሉ። ከኮሌጅ ወጥተው ሥራ ካጡት ልጆቻችን መካከል አንዱ እንኳ የእናቶቹን ወሬ እየሰማ ደመወዝ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፤ ሤራችንን ስለደረሳችሁበት አመሰግናለሁ። ሤራ ነበር፤ አልክድም። በአገራችን መርዶ በስልክ እንደማይነገር ያውቃሉ፤ እርስዎም አባት ሞቶብዎት እንደሆነ ሰዎች ተሰብስበው፣ ንጋት ላይ በር አንኳኩተው ነው የነገሩዎት። የዘሩባቤል የሥራ ባልደረባ ኢሊያስ ከሚሌ ደውሎ፣ «ጋሼ ማሞ፣ ከጎንህ ሰው አለ? ቁጭ በል እስቲ፤ የዘሩባቤል ነገር አልቋል» አለኝ። ቁጭ አልኩ። እሱም ሌላ አልጨመረም፣ እኔም ሌላ አልጠየቅሁም። ወዲያው አረካ ላሉት የእድር ዳኛ ለጋሽ ገብረሥላሴ ደውዬ፣ የዘሩባቤል ነገር ማለቁንና እናትየው እንዳትሰማ መጠንቀቅ እንዳለብን ነገርኳቸው። «ገባኝ፤ ሊነጋጋ ሲል እንግባ» አሉኝ። ሰዎቹ ተራ በተራ እየመጡ ከአሰፋሽ ቤት አጠገብ ባለው በኑሪ ሱቅ ደጃፍ እንዲገናኙ፣ ኑሪ ቻርጅ ላድርግልሽ ብሎ ስልኳን ከእጇ እንዲያወጣ፣ ቢላዋውና ገጀራው ከቤቷ እንዲሸሽ፣ እጅ የሚይዙ ጠንካራ ሴቶች በጓሮ በኩል እንዲመጡ፣ ማንም ነጠላውን ከደጅ እንዳያዘቀዝቅ ተስማማን። ይህ ሁሉ በስልክ ነው የተነገረው፤ «ሞተ» የሚለው ቃል ግን ከማናችንም አፍ አልወጣም። አስከሬኑ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ይደርስ ስለነበረ ጊዜ አልነበረንም። እንግዲህ መንግሥት ለመገልበጥ ያሰብነው ይህንን ነው፤ አንዲት እናት መሬት ላይ ወድቃ እንዳትሰበር።

የገረመኝ፣ ይህን ሁሉ የሰማው ሰው መርዶ መሆኑ እንዴት እንዳልገባው ነው። ዘመድ ሞቶበት የማያውቅ ሰው ፈልጋችሁ ቀጥራችሁ ከሆነ፣ ምን ያህል ብትደክሙ ነው ያገኛችሁት!

ሦስተኛ፤ ስለ ዱላው አመሰግናለሁ። ዱላው በደንብ የተመረጠ ነበር። እኔም በሌሊት ከሶዶ ደርሼ፣ ኑሪ ሱቅ ደጃፍ ተሰብስበን ጋሽ ገብረሥላሴን ስንጠብቅ የእናንተ ፒክአፕ መጣ፤ የወረዱት ሰዎች ሰላም አላሉንም። ኑሪ እጁን ዘርግቶ፣ «ኧረ ቀስ በሉ፣ ሰው ይነቃል» ቢላቸው በሰደፍ ትከሻውን ብለው ጣሉት። የፈራው አሰፋሽ እንዳትነቃ ነበር። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ሰው ሲደበደብ አይቻለሁ፤ ሰው ድምፁን ውጦ ሲደበደብ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ከግድግዳው ወዲያ እናትየው ተኝታለችና ሁላችንም አፋችንን ዘጋን። ኑሪ የተሰበረ ትከሻውን ይዞ ኮፍያውን ነክሶ ነበር፤ እኔ ጎኔን በጫማ ሲሉኝ የኮቴን እጅጌ ነከስኩ፤ የገዛ ስፌቴ ነበርና እንደማይተረተር አውቅ ነበር። አለቃቸው ግን የማይጮኽ ሰው ጥፋተኛ ነው ብሎ ደመደመና ዱላውን አስጨመረልን።

ጋሽ ገብረሥላሴ የደረሱት ይህን ጊዜ ነው። እኚህ ሽማግሌ በአረካ የስንቱን ቤት መርዶ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ የነገሩ ሰው ናቸው። ሰዎቻችሁ እሳቸውን መሬት ላይ አጋድመው ደረታቸውን በጫማ ረግጠው፣ «ዘሩባቤል ማነው? ያለቀው ምንድን ነው?» እያሉ ቆመጡን አፋቸው ላይ አሳረፉት። የፊት ጥርሳቸው ሲረግፍ ሰማሁት፤ እሳቸው ግን አልተናገሩም።

ከዚያ አሰፋሽ ወጣች። በባዶ እግሯ፣ ጋቢዋን እየጎተተች። ደሙን አየች፣ ወንድሟን የፊጥኝ ታስሮ አየች፤ አለቃቸውም ዞሮ፣ «አንቺ፣ ዘሩባቤልን የት ደብቃችሁታል?» ብሎ ጮኸባት። «ልጄ ምን አደረገ? ልጄን ምን ልታደርጉት ነው?» ብላ ኮሌታውን ጨምድዳ ያዘችው። በቆመጥ ክንዷን መታት፤ አለቀቀችም። ደግሞ መታት። ጋሽ ገብረሥላሴ ያን ጊዜ ከጫማው ሥር ሆነው፣ ደምና ጥርስ እየተፉ፣ በዕድሜያቸው ጮኸው የማያውቁትን ጩኸት ጮኹ፤ «ተዋት! ልጁ ሞቷል! ሞቷል እኮ!»

ኮሌታውን ለቀቀችው። ከዚያ ድንጋዩ ላይ በፊቷ ወደቀች። እንዲይዟት የተመረጡት ሴቶች ገና ከጓሮ እየሮጡ ነበር፤ እኛ ደግሞ እጃችን ታስሯል። ፊቷን በጥፍሯ ስትቦጭቅ፣ ግንባሯን ከኮረቱ ጋር ስታጋጭ፣ ቆመን አየን። አለቃችሁም ኮሌታውን እያስተካከለ፣ «ታዲያ ይህን በስልክ በግልጽ ብትናገሩ ምን ነበረበት?» አለንና ገመዳችንን አስፈትቶ ሄደ። ምክሩን ተቀብለናል።

አራተኛ፤ ስለ ዕረፍታችን አመሰግናለሁ። ኑሪ ኦቶና ሆስፒታል ተኝቶ ታክሞ ወጥቷል፤ ስኳር በግራ እጁ መመዘን እየተማረ ነው። እኔ ካላስነጠሰኝ በቀር ጎኔ አያመኝም። ጋሽ ገብረሥላሴ እድሩን ሰብስበው ሌላ መርዶ ነጋሪ እንዲፈልግ ነግረውታል፤ ድድ ብቻ በቀረው አፍ ሰው ማጽናናት አይሆንልኝም አሉ።

እንዲያው ለመሸሸግ ስለማልችል አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ሰሞን የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የስልኬን አዳማጭ አግኝቼ፣ ከመስፊያው ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ሁለት ጆሮውን በትልቁ የጨርቅ መቀሴ ከሥሩ ቆርጬ በእጁ ማስያዝ። መቀሱንም ስዬው ነበር። ለአሰፋሽ ብነግራት፣ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏን ያን ጊዜ ተናገረች፤ «ጆሮውን እንዳትነካ፤ የልጄ ድምፅ እዚያ ነው ያለው» አለችኝ።

ልመናችን የመጣው ከዚህ ነው። ዘሩባቤል ካለበት በረሃ እሑድ እሑድ ይደውልላት ነበር፤ ሲደውልም ድምፁን አጎርንኖ፣ «ወይዘሮ አሰፋሽ ሐብተማርያም ነዎት? ከመንግሥት ቢሮ ነው የምንደውለው። ፍየልዎ የሰው ጎመን በልታ ተከሳለች፤ ከነጠበቃዋ ይቅረቡ» ይላታል። ይህን ተንኮል ያስተማርኩት እኔ አጎቱ ነኝ። እሷም ሁልጊዜ መጀመሪያ ትደነግጣለች፤ ቀጥሎ፣ «አንተ ባለጌ! አንተ ውሪ!» ትለዋለች፤ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። እንግዲህ ከነዚያ ጥሪዎች አንዱን፣ የፈለጋችሁትን፣ ቀድታችሁ ስጡን። ምሥጢር የለበትም፤ ከፍየሏ በቀር የተከሰሰ ሰው የለም። ባዶ ካሴት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ።

የሰማነውንና የሰማችሁትን ሁሉ በልቤ ይዤ፣ ጎኔ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣ ሌላ ሰው ባይኖርም ዘወትር በመስመሩ ላይ ከእኔ ጋር የማይጠፉት የክቡርነትዎ ታማኝ ተደማጭ፣

ማሞ ሐብተማርያም፤ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፤ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከቢሮዎ አንድ ሰው ስለ ሕገወጥ ስብሰባው ቃሏን እንድትሰጥ ወደ እህቴ ደውሎ ነበር። ድምፁን አጎርንኖ፣ «ወይዘሮ አሰፋሽ ሐብተማርያም ነዎት? ከመንግሥት ቢሮ ነው የምንደውለው» አላት። እሷም ጎረቤት እስኪሰማ ሳቀች፤ «አንተ ባለጌ! አንተ ውሪ! ሞተ ብለውኝ እኮ!» አለችው። ሰውየው የመንግሥት ሠራተኛ በመስደቧ እንደሚያሳስራት ሲዝትባት ነው ስልኩ ከእጇ የወደቀው። እንግዲህ ስድቡ ለእሱ አለመሆኑን ንገሩልኝ። ለአንዲት እናት አንዱን መርዶ ሁለት ጊዜ የነገረ ቢሮ የእናንተ ብቻ ነው። ያም ጥሪ መቼም ተቀድቷል፤ በመካከሉ ያለው ሳቅ የእሷ ነውና፣ ከልጇ ድምፅ ጋር እሱንም መልሱልን፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አልሳቀችም።