የአባትህ ትንፋሽና የጣሪያችን ፀሐይ

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ እግርህን እንቅፋት አያግኘው፤ የረገጥከው ሁሉ ይለምልምልህ። እኛ ደህና ነን፤ አባትህም ይተነፍሳል።

ባለፈው መብራት የጠፋ ጊዜ የአባትህ ኦክስጅን ማሽን ቀጥ ሲል፣ ባለጄኔሬተሩ ጎረቤታችን ዘንድ ሮጬ ገመድ ልሳብ ብዬ ለመንኩት። «ጄኔሬተሬን ታበላሹብኛላችሁ» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። አባትህን በታክሲ ሐኪም ቤት ያደረስነው ከንፈሩ ጠቁሮ ነው። ያን ቀን ዳግመኛ የማንንም መብራት ላልለምን ማልኩ።

ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ «ጣሪያዬ ላይ ሶላር ትከልልኝ» አልኩት። «ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ብቻ ካገናኘሁት መብራት ሲጠፋ ሶላሩም አብሮ ይጠፋል፤ ባትሪ ያስፈልግሻል» አለኝ። ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም ይቅር፣ ባትሪው ለማሽኑና ለአንድ ሁለት አምፖል ይዋል አልኩት። ጣሪያው ላይ የሚያጠላውን ዛፋችንንም አስቆረጥኩ።

ሰሞኑን ሰፈሩ ሲጨልም የእኛ ቤት በራ። ጎረቤታችን ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሎት ስልኩን ይዞ መጣና «እትዬ፣ ትንሽ ቻርጅ ላድርግ» አለኝ። አስገባሁት። ከአባትህ አልጋ አጠገብ አስቀምጬ «መጀመሪያ ይሄን ትንፋሽ ስማ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ ስልኩን ሳይሰካ ወጣ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

አምላክ በሰው አገር የሰው ፊት አያሳይህ፤ ጤናህን ያብዛልኝ። አንድ ነገር ላስቸግርህ። ጎረቤታችን የስልክ ቁጥርህን ከአክስትህ ወስዷል። አስታርቀኝ ብሎ ቢደውል በአክብሮት አናግረው፤ «ይቅር ብላሃለች» ግን እንዳትለው። እኔ ገና አልጠገብኩም።

እናትህ