ስለ ተሰቀለው እግሬ የቀረበ ይቅርታ

ለሆስፒታላችን ክቡር ሥራ አስኪያጅ
ጅጅጋ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ሰላምና የእንግዶችዎን ምቾት እጠይቃለሁ። እኔ ኤብላ ጃማ፣ ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚላኩ የአማርኛ ደብዳቤዎችን ስጽፍ የሸበትኩ የቢሮ ጸሐፊ፣ አላህ ይመስገን በአንድ እግሬ ደህና ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ከሁለት ወር በፊት ቀኝ እግሬ ስላሳየዎት ብልግና ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ለማስረዳት ያህል፣ በአውራ ጣቴ ሥር ያለው አጥንት ከዓመት ዓመት ወደ ጎን እየገፋ ጫማ ሁሉ ጠላቴ ስለ ሆነብኝ፣ ዶክተር ማሃድ በቀዶ ሕክምና አቃኑልኝ። የሚጠብቀኝንም አልደበቁኝም፤ ሁለት ሳምንት እግሬን ከልቤ ከፍ አድርጌ እንድተኛ፣ አጥንቱ እስኪገጥም ስድስት ሳምንት በተረከዜ ብቻ እንድረግጥ፣ እብጠቱ ግን ለወራት ሊቆይ እንደሚችል ነገሩኝ። በዚህ ከጸናሁ ልጄ ዒፍራህ ስትዳር ሰፊ ነጠላ ጫማ አድርጌ በር ላይ ቆሜ እንግዳ እንደምቀበል ተስፋ ሰጡኝ፤ እኔም ከዚህ ሌላ የፈለግሁት አልነበረም።

እነሆ ከይቅርታዬ ጋር ምስጋናዬንም በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. በቀዶ ሕክምናው ማግስት ጠዋት፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ እንግዶች ክፍሉን ሲያዘጋጁ፣ በሁለት ትራስ ላይ የተሰቀለውን እግሬን አይተው ስለ ደነገጡ። ውስጥ እግርን ወደ ሰው መደገን ነውር መሆኑን እኔም በእናቴ ቁንጥጫ ተምሬአለሁ። እግሬ ግን ያልተቀጣ ኖሮ የሐኪም ትእዛዝ ይበቃኛል ብሎ ተጋደመ።

2ኛ. ትራሶቹን አስነሥተው ለእንግዶቹ ወንበር ስላዋሉ፣ እኔንም አልጋው ጠርዝ ላይ እግሬን አስወርደው እንደ ጨዋ ሴት ስላስቀመጡኝ። ነርስ ኢስራ የሐኪሙን ትእዛዝ ልታስታውስዎ ስትሞክር በዓይንዎ ብቻ ዝም ያሰኙበት ችሎታም ሳይመሰገን አይታለፍም።

3ኛ. እንግዶቹ ስለ ዘገዩ። እስከ ቀትሩ የዙሁር አዛን ድረስ እግሬ እንደ ጀሪካን አብጦ፣ ፋሻው ደም ጠጥቶ ሲጠብቃቸው፣ በመጨረሻ መምጣታቸውን በመስኮት አየሁ። ግቢውን አቋርጠው በቀጥታ ወደ ምሳው ገቡ። የእኛን ክፍል ደጃፍ እንኳ አልረገጡም።

4ኛ. ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ በሳምንቱ ስፌቱ ስለ ተከፈተና ቁስሉ ስለ አመረቀዘ። ዶክተር ማሃድ እንደገና አጥበው እንደገና ሰፉኝ፤ መዳኔም እንደገና ከሀ ጀመረ።

ዒፍራህ ባለፈው ሐሙስ ተዳረች። በር ላይ የቆመችው ጎረቤቴ ናት፤ እኔ እግሬን በፋሻ ጠቅልዬ ከጓዳ አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ወደ ደገሀቡር ሲወስዷት እስከ መኪናው ልሸኛት አልቻልኩም፤ ጎንበስ ብላ ሳመችኝ፣ ሄደች። አለቀስኩ። ይህችን በፌዝ ልጽፋት ሞክሬ አልሆነልኝም፣ ክቡር ሆይ፤ ተናድጃለሁ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐኪም ከፍ ያደረገውን እግር ከሐኪም በቀር ማንም ዝቅ እንዳያደርገው ይዘዙልን።

ቆሜ እጅ ልነሣዎ ባለመቻሌ ተቀምጬ የማከብርዎ፣
ኤብላ ጃማ
ጅጅጋ፣ ጥር 2004 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ትናንት በባጃጅ ሳልፍ፣ እርስዎም በሹል ጫማዎ ውስጥ እያነከሱ ወደ ቢሮ ሲገቡ አየሁዎ። አውራ ጣትዎ ሥር ያበጠችው ነገር ቆዳውን ወጥራ ከሩቅ ትታያለች። ቀጠሮ ሲቆረጥልዎ ይላኩብኝ፤ ሁለት ትራስ ይዤ እመጣለሁ፣ በግርጌዎም እቀመጣለሁ። ውስጥ እግርዎን እስኪበቃዎ ይደግኑብኝ፣ አልቀየምም፤ ሚኒስትር ቢመጣ እንኳ አላስወርድዎም።