በወገቡ የተጨመቀ የጥርስ ሳሙና

ማክሰኞ፣ ጁን 2

አዲስ የጥርስ ሳሙና ተከፈተ። ሕጉን ለቤቱ ሕዝብ አወጅኩ፦ ከጭራው ይጨመቃል፣ እየተጠቀለለ ወደ አፉ ይመጣል። መጠኑ ምስር ያክላል እንጂ ባቄላ አያክልም። ሕዝቡ ሁለት ነው፤ ባለቤቴና ልጄ ዋኬሾ። በጥሞና አዳመጡኝ... ማታ ሳየው ወገቡ ላይ የአውራ ጣት ጉድጓድ።

"ዋኬሾ፣ ይሄን ማነው አንቆ የገደለው?"

"የትም ብትጫነው እኮ ባባ፣ የሚወጣው በአፉ ነው።"

መምህርት ናት። ምን እያለች ታስተምር ይሆን?

እሑድ፣ ጁን 7

ረጅሙን የልብስ ሳሙና በሽቦ ቆራርጬ መስኮቱ ላይ ደረደርኩ። ያልደረቀ ሳሙና ውሃ ሲያይ ይቀልጣል፤ የደረቀው ይከራከራል።

"ባባ ዋኬሾ፣ ጎረቤት ሱቅ የከፈትን መስሎት ዋጋ ጠየቀኝ" አለች ባለቤቴ፤ የዋኬሾ አባት ብላ ነው የምትጠራኝ።

"ስንት አልሽው?"

"ሰውየውን ጨምረህ በነፃ ውሰደው አልኩት።"

ማክሰኞ፣ ጁን 16

ቅዳሜ ከሞምባሳ እንግዶች ይመጣሉ። ኪላምቦ የሚባል ልጅ፣ ከአጎቱ ጋር፣ ዋኬሾን ለትዳር ሊጠይቅ። እዚህ ቮይ ከተማ ወንድ ያለቀ ይመስል...

የእንግዳ ሳሙና ከቁምሳጥን ወጣ። ሮዝ ነው፤ ከልብሶቻችን መሃል ነው የሚኖረው። እንግዳ ሲሄድ ይደርቅና ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። ፓስተሩም የባለቤቴ ወንድምም ታጥበውበታል፤ ላዩ ላይ የተቀረጸው ፊደል ዛሬም ይነበባል።

ወሰንኩ። ልጁ ታጥቦ ሲወጣ ፊደሉ ከጠፋ፣ የሚዳር ልጅ የለኝም። ለሳሙና የሚሳሳ እጅ የሌለው ሰው ቤት አይዝም።

"አባቴም አንተን በሳሙና መዝኖህ ቢሆን..." አለች ባለቤቴ።

"ምን ይለኝ ነበር?"

"ያኔ ሳሙና መች ነክተህ ታውቅ ነበር?"

እውነቱ ግን... ፊደሉ እንዲጠፋ እየጸለይኩ ነው።

ቅዳሜ፣ ጁን 20

መጡ። ኪላምቦ የመንገዱን አቧራ ሊታጠብ ገባ። ቆየ። ውሃው ይንሿሿል። ደስ አለኝ።

ሲወጣ ፎጣ የምሰቅል መስዬ ገባሁ። ሳሙናው ደረቅ። ፊደሉ አንድ በአንድ በቦታው። አልታጠበም እንዴ? ክፍሉ ግን ሳሙና ሳሙና ይሸታል... ዞር ስል ምስማሩ ላይ የሽንኩርት መረብ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የሳሙና ስብርባሪ። ረስቶት ነው የወጣው።

ይዤለት ወጣሁ። ልጁ አንገቱን ደፋ።

"ይቅርታ አባባ፣ ካለቁ ሳሙናዎች የተረፈውን እያጠራቀምኩ ነው የምታጠበው። ያንን ሮዙን... መንካት ከበደኝ። እኛም ቤት የእንግዳ ሳሙና አለ። እናቴ ነክቶታል ቢሏት አትለቀኝም።"

ዋኬሾ ጣራ ጣራውን ታያለች። ባለቤቴ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች።

ምን ልበል? ሰበብ አሳጣኝ። ለአጎቱ እሺ አልኩ።

መረቡን እያገላበጥኩ ብዙ ጊዜ አየሁት። እስከ ዛሬ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 26

ዳርናት። ከሻንጣዋ ውስጥ፣ ከልብሶቿ ሥር፣ ሮዙን ሳሙና ሸጎጥኩ። እንግዳ ሆነን ስንሄድ የምንታጠብበት ይኑረን።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ከሠርጉ በኋላ የተከፈተው የጥርስ ሳሙና አያልቅም። ከጭራው ተጠቅልሎ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንድ ጉድጓድ የለበትም። ሕጉ ተከብሯል። ታዲያ ምነው ደስ አላለኝ?

እሑድ፣ ኖቬምበር 15

ጠዋት ዙሪያዬን ገላመጥኩና ወገቡ ላይ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። እውነቷን ነው፣ በአፉ ነው የሚወጣው። ያውም ከባቄላ የበለጠ።

እየቦረሽኩ ሳለ ባለቤቴ ገባች። የጥርስ ሳሙናውን አየች። እኔን አየች።

"ባባ ዋኬሾ... ዋኬሾ መጣች እንዴ?"

አፌ አረፋ ሞልቶት ነበር። እሷም የጥርስ ሳሙናውን አነሳችና እዚያው ጉድጓዱ ላይ ጨመቀችው።