ባዶ ነው የተባለው የአርታ ቤት

ረቡዕ

ፎቶውን ዛሬም ሱቅ ውስጥ ተደብቄ አየሁት። ባሌ ሙክታር ለደንበኛ ጨርቅ ይለካል፣ እኔ ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር ይዣለሁ። የሚሸጥ ሰፊ የቤተሰብ ቤት፣ ተራራው ላይ፣ አርታ ሊደረስ ትንሽ ሲቀር። የድሮ ድንጋይ ግንብ፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ ስድስት ክፍል። እኛ እዚህ ከተማው ውስጥ፣ ካርቲየ 4 ሰፈር፣ ከሦስቱ ልጆችና ከአማቴ ጋር በሁለት ክፍል ነን። ጎረቤት ሲያስነጥስ "የርሐሙከላህ" የምንለው እኛ ነን።

ማታ ለባሌ አሳየሁት። "ማየት አይከለከልም" አለ። አማቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "እኔ ተራራ የምወጣ ፍየል አይደለሁም" አሉ።

ሐሙስ

እንዲህ ያለ ቤት እስካሁን እንዴት ሳይሸጥ ቀረ? ደላላው ጋ ደወልኩ። ባለቤቱ ፈረንሳይ ነው፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው አለኝ። ውኃስ? መብራትስ? የልጆቹ ትምህርት ቤትስ? ለሁሉም "ችግር የለም"። ለሁሉም ነገር ችግር የለም የሚል ሰው ያስፈራኛል። ግን ነገ እንሄዳለን።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ወጣን። አማቴም መጡ፣ "ብቻዬን በሙቀት ልቀቀል?" ብለው። ዳገቱ ላይ የመኪናውን መስኮት ስንከፍት ነፋሱ ቀዝቀዝ አለ።

ቤቱ ከፎቶው ይበልጣል። ጣሪያው ሩቅ ነው። ወለሉ አበባ የተሳለበት ሸክላ፣ የመስኮቶቹ ቀለም የተላጠ። ልጆቹ ከክፍል ክፍል እየሮጡ ስማቸውን ይጣራሉ፣ ቤቱ መልሶ ይጠራቸዋል። እኔ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ገመዱ ላይ ድሪያ፣ ሰፊ የሴት ቀሚስ፣ ተሰጥቷል። ነካሁት። እርጥብ ነው።

"የዘበኛው ነው" አለ ደላላው። ሙክታር ሳቁን ዋጠ።

አማቴ ኩሽና ገብተው ገና ያልቀዘቀዘውን ምድጃ በእጃቸው ዳሰሱና በሶማሊኛ ተጣሩ፦ "እኅቴ፣ ውጪ። አንበላሽም።"

የዕቃ ቤቱ በር ተከፈተ። አንዲት ቀጭን አሮጊት መነጽራቸውን እያስተካከሉ ወጡ። አሻ ይባላሉ። የባለቤቱ እኅት ናቸው። ቤቱን ከአባታቸው ለሁለት ነው የወረሱት። ደላላው መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

ሙክታር ፊቱ ተለወጠ። "ኤዶ" አላቸው፣ እንደ አገሩ ልማድ አክስቴ ማለቱ ነው። "እርስዎ ሳይፈቅዱማ አንገዛም።"

"ማን አልፈቅድም አለ? ገዢ ሲያየኝ ይሸሻል። አሮጊቷ ከቤቱ ጋር የምትሸጥ ይመስለዋል። ለዚያ ነው የተደበቅሁት።"

ስለ ውኃው ጠየቅኳቸው። በቦቴ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣ። መብራቱ ደህና ነው። የትምህርት ቤት መኪና መንገዱ ዳር ድረስ ይመጣል። አላህ ይስጣቸው፣ አንዷንም አልሸሸጉኝም።

አማቴ ግን ስለ ቤቱ ምንም አልጠየቁም። "ከማን ጋር ነው የምትበዪው?" አሉ ብቻ። ኤዶ አሻ አንዲቱን ሳህናቸውን ወደ መደርደሪያው መለሱ። ስንመለስ ይዘናቸው ወረድን፣ "አንድ ሁለት ቀን እደሪ" ተብለው።

ቅዳሜ

ኤዶ አሻ ጠዋት ደጃፉ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀመጡ፣ እስኪመሽም አልተነሡም። ዳቦ ሻጩን አስቁመው አወሩ። ጎረቤቶቻችን በውኃ ጀሪካን ሲጣሉ እሳቸው ገብተው ፈረዱ። እኔን የሚያሳብደኝ ጫጫታ ለእሳቸው ዘፈን ነው።

"ይሄን ጥላችሁ ነው የምትሄዱት?" አሉኝ።

"እርስዎስ ያንን?"

"እዚያ አንድ ቀን ወደቅሁ። እንደወደቅሁ ረጅም ሰዓት ቆየሁ። የመጣችው የጎረቤት ፍየል ብቻ ናት።"

ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። እኛስ ብንወድቅ? አይ፣ እኛ ብዙ ነን።

እሑድ

አማቴ ቁርስ ላይ ወሰኑ። "ቤቱን ግዙ። እኔ ከአሻ ጋር እዚሁ እቀራለሁ።"

እውነቱን እዚህ ልጻፈው። ስንት ዓመት እሳቸው የማይሰሙኝ ቤት ስመኝ ኖሬአለሁ። ዛሬ ሳልለምን ተሰጠኝ፣ የቆረስኩትን ዳቦ መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት።

"ልጆቹን ማን ይቆጣቸዋል?" አልኩ።

"አንቺ። ከእኔ ተምረሻል።"

ሙክታር እኔን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያ ስልኩን ይዞ ወጣ። ፈረንሳይ ካለው ከኤዶ አሻ ወንድም ጋር ተስማምቶ ተመለሰ። ሁለቱ አሮጊቶች አልጋው በየት በኩል ይሁን እያሉ መከራከር ጀምረዋል።

ልጆቹ መቼ ነው የምንሄደው ይላሉ። ትምህርት ሲዘጋ አልኳቸው። ገና ነው። ገና በመሆኑ ደስ አለኝ፣ እስከዚያ አማቴ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው።