አንኳኩቼ በመግባቴ ስለፈረሰው ቤት

ይድረስ ለተከበረው የምናባዊው ከተማ አስተዳደር፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ መልካችሁን አይቼ ባላውቅም፣ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እኔ በሥራዬ ግንበኛ ነኝ። ዝም አይነቅዝም ቢባልም የእኔ ዝምታ ሊነቅዝ ስለደረሰ ይህን በአደባባይ ለመጻፍ ተገደድሁ።

ሚስቴ ከአልጋ መውረድ ሲያቅታት፣ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ በእናንተ ጨዋታ ውስጥ ቤት ሠራች። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ግድግዳው ተንጋዷል እያልሁ ስነዘንዛት፣ የእኔ ቤት ነው፣ ስትመጣ አንኳኩተህ ግባ እያለች ትስቅብኝ ነበር። ካረፈች በኋላ በእሷ የይለፍ ቃል እየገባሁ የሎሚ ዛፏን ሳጠጣ ከረምሁ። ሁልጊዜም መጀመሪያ አንኳኳ ነበር። ቤቱ የእሷ ነዋ።

ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ፦

፩. የማያንቀላፋው ተቆጣጣሪ ማሽናችሁ፣ የቤት ባለቤት የገዛ በሩን አያንኳኳም ብሎ ሌላ ሰው መሆኔን ደርሶበት ስላገደኝ አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው። ሳላንኳኳ ሰተት ብዬ ብገባ ኖሮ ማንም ባልነካኝ ነበር። ጉድ የሠራኝ ጨዋነቴ ነው።

፪. ቤቱን እንድታስተላልፉልኝ ስለምናችሁ፣ መጀመሪያውኑ የእሷ እንዳልነበረ፣ የነበራት የመጠቀም ፈቃድ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ከእሷ ጋር እንዳበቃ በትሕትና አስረዳችሁኝ። እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ሞኙ፣ ቤት የሠራው ሰው ንብረት ይመስለኝ ነበር። ብቻ አንድ ነገር ግራ ገባኝ፤ እኔን ለማገድ ባለቤት የነበረች ሴት፣ እኔ ልወርሳት ስል እንዴት እንግዳ ሆነች?

፫. ቦታው ለአዲስ ሰው እንዲለቀቅ ቤቱን አፍርሳችኋል። እኔ እንኳ ስንት ቤት ሳፈርስ ኖሬ፣ አስቀድሜ ዕቃ ይውጣ እላለሁ። በሩ አጠገብ ለእኔ ብላ ያኖረቻት ወንበር ነበረች። እዚህ አልጋዋ ባዶ ነው፤ እዚያ ግን አሁን ወጥታ የምትከፍትልኝ ይመስለኝ ነበር። ናፍቃኛለች፤ ይህን በየትኛው ቁጥር ሥር እንደምጽፈው አላውቅም።

ያለ መዶሻ የሚያፈርስ ክንዳችሁን እያደነቅሁ፣ ለደጃችሁም ዕድሜና ጽናት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የሎሚው አጠጪ የነበርሁት ግንበኛ

ማሳሰቢያ፦ በቦታው ላይ አዲስ ቤት የሚሠራው ሰው አንድ ቀን በሩ ቢንኳኳበት፣ እኔ አይደለሁም፤ ታግጃለሁ። እናንተም አትሆኑም፤ እናንተ አታንኳኩም። እባካችሁ እንዲከፍትላት ንገሩልኝ።