ካንዴላ አይሟሽም

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለካሳሁን፣
አስመራ።

እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህ፣ የጋራዥ ሥራህ፣ ቤትህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ውብአየሁ ከወገቧ ሕመም ተሻላት ወይ? ልጃችሁ አትክልትስ መራመድ ጀመረች? እኛ የሱሉልታ ብርድ ከሚያስለን በቀር ደህና ነን፤ የአንተ ናፍቆት ብቻ ነው ያልለቀቀን።

የላክሃቸው የመኪና ሞተር ካንዴላዎች ሁለቱም ዓይነት፣ የፕላቲኑም የመዳቡም፣ አራት አራት ሆነው ሳይሰበሩ ደረሱ። እንዳላሳስብህ ብዬ ሁሉንም ሳልጽፍልህ ቀርቼ እንጂ፣ ያቺ የወተት መኪናችን እንጦጦ ዳገት ላይ እየቆመች፣ ወተቱ አዲስ አበባ ሳይገባ እየረጋ፣ ባለቤቴ ዳኜ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ወተቱን የሚሰጡን ኦቦ ኩምሳ «ዳኜ፣ ከእንግዲህስ እርጎ ነጋዴ ነህ» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን አልሳቀም። «አንድ ጊዜ ደግማ ከቆመች ሸጬያት አዋሽ እወርዳለሁ፤ በሰው መኪና ተቀጥሬ እነዳለሁ» አለኝ። ባሌ ለዓመት በዓል ብቻ የሚመጣ እንግዳ ሊሆንብኝ ነው ብዬ እህል አልወርድ አለኝ።

ከካንዴላዎቹ ጋር የመጣውን ደብዳቤህን ሳነብለት፣ እንደምታውቀው ፊደል የለየሁት ከስኳር መጠቅለያ ወረቀት ነውና ቀስ እላለሁ፣ እስክጨርስ መች ታገሠኝ! ጫፉ ፕላቲን የሆነውን አንስቶ «ውድ ነገር አይከዳም» አለ። ጎረቤታችን አዴ ድንቅቱ ደግሞ ነጩን ሸክላ ዳሰስ አድርገው «ሸክላ ሳይሟሽ እሳት ያያል እንዴ? ይሰነጠቅባችኋል!» አሉ። ዳኜም እውነት መስሎት አራቱንም እንደ አዲስ ድስት በጎመን ዘር አሽቶ፣ አሙቆ ገጠማቸው። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። ሰፈሩ ሁሉ ጎመን ዘር ጎመን ዘር ሸተተ። አዴ ድንቅቱ እስከ ዛሬ «ጎመን ዘሩ አንሶ ነው» ይላሉ።

ቢፈታቸው ቅባቱ አርሮ ጥላሸት ሆኗል። ያኔ ነው «እስቲ የቀረውን አንብቢልኝ» ያለኝ። ፕላቲኑ ዕድሜው ረጅም ስለሆነ ሜዳውን ሳይቆም ለሚነዳ ይሁን፤ ጭኖ ዳገት ወጥቶ ወዲያው ቁልቁል ለሚወርድ ግን ውስጡ መዳብ ያለው ይሻላል፤ መዳቡ ሙቀቱን ስለሚያሳልፍ ዳገት ላይ ከመጠን በላይ አይግልም፣ ቁልቁለት ላይም ጥላሸት ቶሎ አይይዘውም ያልከውን ደጋግሞ አስነበበኝ። ከዚያ ባለ መዳቦቹን እንደመጡ፣ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጠርጎ ገጠማቸው።

በማግስቱ አብሬው ተሳፈርኩ። ዳገቱን ጀመርን። ሁልጊዜ የምትቆምበት ኩርባ ስንደርስ መሪውን ጨብጦ «ማሪቱ፣ በእመቤቴ፣ አትተንፍሺ» አለኝ፤ እኔ ብተነፍስ የምትቆም ይመስል! አልቆመችም። ከባሕር ዛፉ ወጥተን ከተማው ከታች ሲታየን «አለፍን እንዴ?» ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ። ወተቱ ሳይረጋ ገባ። ከዚያ ወዲህም አንድ ቀን አላስቸገረችንም። ሊቀጥረው ለነበረው ለአዋሹ ባለመኪና «ሌላ ሾፌር ፈልግ» ብሎ ልኮበታል።

ተመስገን ነው ወንድሜ። ዳኜን የምጠብቀው ለፋሲካ ሳይሆን ለእራት ሆነ።

ዳኜ እጅህን ይባርከው ይልሃል። ኦቦ ኩምሳና አዴ ድንቅቱ ሰላም ብለውሃል። ውብአየሁን በእኔ ስም አቅፈህ ሳምልኝ፤ የአትክልትንም ጉንጭ እንዲሁ።

እህትህ ማሪቱ
ሱሉልታ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.