ሳልገለብጣት የቀረችው መስመር

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሙሉነሽ፣

እንደምን ከርመሻል? ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሳብሽ ያ የጉልበት ሕመም ዘንድሮስ ማረሽ ወይ? አባባስ እንዴት ናቸው? ሳሉ ለቀቃቸው? ባለፈው በስልክ ድምፃቸው ደከም ብሎ ቢሰማኝ ሁለት ቀን ሙሉ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። አዳማ ዝናቡ ጥሩ ነው አሉ፣ እኛ ዘንድ ዝናብ በወሬ ብቻ ነው የሚደርሰው። እኔም ልጆቹም በአምላክ ቸርነት ደህና ነን። ሙቀቱ አናታችንን ቢያዞረንም ታመን አልተኛንም።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ ባለቤቴ ጎሳዬ ነው። ከከባድ መኪናው ብቻውን ሲወርድ አይተሽ ከኋላው ፀዲን በዓይንሽ ስትፈልጊ እየታየኝ ነው የምጽፈው። አትደንግጪ፣ ልጅቷ ደህና ናት። አልላክኋትም። ይህንኑ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሙቀት አውርቼ ዘጋሁት። አንቺ ስላሠራሽላት አልጋና ስለገዛሽላት ቦርሳ ስትነግሪኝ ወሬ ቀየርኩ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልኩ። እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፣ ከዚያ በኋላ ብትቆጪኝም እችለዋለሁ።

የፀዲ የልደት ወረቀት ስላላለቀ ትምህርት ቤት የምትገባው ለከርሞ ነው የተባልኩት ሚያዝያ ላይ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ስድስት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ ቤት ልትቀመጥብኝ ነው ብዬ ደረቴን ስደቃ፣ አይዞሽ ብለሽ የቤት ውስጥ የትምህርት ፕሮግራም በእጅሽ ጽፈሽ የላክሽልኝ አንቺ ነሽ። ሃያ ዓመት ሕፃናት ያስተማረች እህት ያለችኝ እኔ ምን ጎደለኝ ብዬ ፈነጠዝኩ። በፓስታ ካርቶን ላይ በትልልቅ ፊደል ገለበጥኩትና ከስፌት መኪናዬ በላይ ሰቀልኩት። ጠዋት ሁለት ተኩል ፊደል፣ ሦስት ተኩል ቁጥር፣ አራት ተኩል ሥዕል፣ ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ጽሕፈት፣ ዘጠኝ ሰዓት ንባብ።

እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። ጨርቅ ስቆርጥ ግማሽ ጣት የማላዛንፍ ሰው ነኝ፣ ፕሮግራሙንም እንደ ጨርቅ ያዝኩት። ስምንት ሰዓት ላይ ጅቡቲ ምን እንደምትመስል አላየሽም። ጫቱ ከእኛ አገር ገብቶ ተከፋፍሎ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሰዉ በየቤቱ የሚጋደምበት ሰዓት ነው። እኔ ግን ፀዲንና ጀንበሬን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሼ እርሳስ አስይዛቸው ነበር። ጀንበሬ ገና አራት ዓመቱ ስለሆነ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ያንቀላፋል። የፀዲ ላብ ደግሞ ወረቀቱን ስለሚያርሰው እርሳሱ ይቀደዋል። ጎረቤቴ ሐዲጃ አንድ ቀን በመስኮት አይታን፣ በዚህ ሰዓት ሰፈራችን ካርቲየ 6 ውስጥ ዝንብ እንኳን አይበርም፣ እነዚህ ልጆች ምን በድለውሽ ነው ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ፀዲ መጀመሪያ ሆዴን አመመኝ ማለት አበዛች። ቀጥሎ እርሳሶቹ ይጠፉ ጀመር፣ በኋላ ሁሉም የተገኙት ቁራጭ ጨርቅ በማጠራቅምበት ከረጢት ውስጥ ነው። ከዚያም በሁለት ዓመቷ የተወችውን ነገር ጀምራ ሌሊት ፍራሹን ታርሰው ጀመር። እኔ ስንፍና መሰለኝ። እንዲህ ያልኩትም ሀሁን ከዳር እስከ ዳር ትወርደው ስለነበር ነው። ዓይኗን ጨፍና፣ እየተወዛወዘች፣ አንዲት ሳትስት። ያላስደመጥኩት ጎረቤት የለም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ጎሳዬ ከመንገድ ሲገባ፣ እስቲ ለአባትሽ አንብቢለት አልኳት። እሱም እንደ ልማዱ ሊያጫውታት ብሎ የፊደል ገበታው መሃል ላይ ጣቱን አሳረፈና ይህቺ ማን ናት አላት። ፀዲ በለሆሳስ ከሀ ጀምራ መዝለቅ ጀመረች፣ ጣቱ ያለበት ጋ እስክትደርስ። መሃል ላይ ቀና ብላ አባቷን ስታይ ጠፋባትና እንደገና ከሀ ተነሳች። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነች። ለካ ሁለት ወር ሙሉ ያስተማርኳት ዜማ እንጂ ፊደል አልነበረም። ይህ እየገባኝም ንዴቴን በእሷ ላይ ተወጣሁት። በማስመሪያው መዳፏን መታኋት። አላለቀሰችም። እጇን ከጀርባዋ ደብቃ ቆማ አየችኝ። ያን አስተያየቷን የምረሳው አይመስለኝም።

በማግስቱ ነው ደውዬ እኔ አልሆንላትም፣ ውሰጂልኝ፣ አንቺ ዘንድ ትማር ያልኩሽ። አንቺም ሳታንገራግሪ እሺ አልሽ። ልጅ ዘመድ ጋ ሄዶ መማሩ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ እኔና አንቺም አክስታችን ቤት ሆነን ነው የተማርነው። ቤትሽ ውስጥ ልጅ እንዲሮጥ ስንት ዘመን እንደተመኘሽም አውቃለሁ። አሁን እጄን የከበደውም ይኸው ነው።

ሐምሌ ላይ ያ ትኩስ የአሸዋ ነፋስ ሲነሳ መብራት አራት ቀን ጠፋ። ማራገቢያ ከሌለ እንኳን ማስተማር መተንፈስም ጭንቅ ነው፣ ፕሮግራሙ ፈረሰ። እንግዲህ ልትሄድ ነው ብዬ እኔም ተውኳት። ቀኑን ሐዲጃ ግቢ ከልጆቿ ጋር እየዋለች በሶማልኛ መቁጠር ለመደች። ዓርብ ቀን ጎሳዬ ሁለቱንም ፒኬ 12 ወሰዳቸው፣ የእኛ አገር መኪኖች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ነው። እኔም አብሬ ሄድኩ። ሾፌሮቹ በመኪናቸው ግንባርና በጭቃ መከላከያው ላይ ያላስጻፉት የለም፤ የልጅ ስም፣ የአገር ስም፣ የጸሎት ቃል። ፀዲ አንዱ መኪና ላይ «ፀጋ» የሚል አይታ ቀጥ ብላ ቆመችና ፀ ላይ ጣቷን ቀስራ ይህቺ የእኔ ናት አለች። ለካ አባቷ በመጣ ቁጥር በመኪናው በር አቧራ ላይ ስሟን በጣቱ ይጽፍላት ኖሯል። ከዚያማ ማን ያስቁማት። ከመኪና መኪና እየሮጠች የወንድሟን፣ የአባቷን፣ የእኔን ፊደል ፈለገች። ጌቾ የሚባል የጎሳዬ ባልደረባ ጠመኔ ሰጣትና ጎማ ላይ አሥራ አንድ ፊደል ጻፈች፣ አንዳንዱ ተገልብጦ። አንድም ጊዜ ሆዴን አላለችም።

ቤት ገብቼ ሻንጣዋን ሳዘጋጅ፣ አብሬ ልመልስልሽ ብዬ ያችን ወረቀትሽን አወጣኋት። እግርጌዋ ላይ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ «በልዬ፣ ይህ መነሻ ብቻ ነው። ሲደክማቸው ተይው፣ ሲጥማቸው አስረዝሚው፣ እንደ ቤትሽና እንደ አገሩ ፀባይ አዛውሪው» ብለሻል። እትዬ፣ ያኔም አንብቤው ነበር። ግን ካርቶኑ አለቀብኝ። ሰዓቶቹን በሙሉ ገልብጬ የተውኳት ያችን አንዲት መስመር ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ካርቶኑን አውርጄ ለፀዲ መቀስ ሰጠኋት። ቆራርጣው በእያንዳንዱ ላይ ሥዕል ሳለችበት። ዳቦ መግዛት አለ፣ ፊደል አለ፣ የልብስ ቁልፍ መለየት አለ፣ ሐዲጃ ግቢ አለ፣ ተረት አለ፣ መኝታ አለ፣ አባቷ የመጣ ቀን የሚወጣ መኪናም አለ። ቤት ውስጥ ገመድ ወጠርንና በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው። ምግብና የቀትር መኝታ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ሌላውን ጠዋት ጠዋት የምትደረድረው እሷ ናት። ፊደልን ብዙ ጊዜ የምታስቀድመው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው፣ አየሩ ሳይሞቅ። ከሆዳን ሰፈር የሙሽራ ልብስ በጥድፊያ የመጣብኝ ቀን ደግሞ ቁልፍ መለየት ወደ ፊት ይመጣል፣ ሁለቱም እግሬ ስር ተቀምጠው በቀለም በቀለም ይለያሉ። ጀንበሬ እንዳይውጠው ብቻ ነው የምጠብቀው። የፊደሏ ካርድ ሳትነካ የሚመሽበት ቀንም አለ። ያኔ ካርዷን ላነሳ እጄን እዘረጋለሁ፣ ማስመሪያው ትዝ ይለኝና እተወዋለሁ። አሁን ሠላሳ ስምንት ፊደል ታውቃለች፣ አደበላልቄ ብጠይቃትም። ፍራሹም ከደረቀ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ።

ይህን ሁሉ እያየሁም ቃሌን ላለማጠፍ ሻንጣውን አሰናድቼ ነበር። ባለፈው እሑድ፣ እንግዲህ እትዬ ጋ ልትሄጂ ነው አልኳት። አላስቸገረችኝም። ካርዶቹን ከገመዱ አወረደችና ወለሉ ላይ ለሁለት ትከፍላቸው ጀመር፣ የሚቀረው ለጀንበሬ፣ የሚሄደው ለእሷ። ዳቦን ለእሱ ሰጠችው። ፊደልን ለራሷ ያዘች። እኔን ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የሳለችባት አንዲት ካርድ አለች። እሷን ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ አንዱ ስታመላልስ፣ ስታመላልስ ቆየችና በመጨረሻ ሁለቱ መሃል ላይ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። ሻንጣውን ፈታሁት።

እህቴ፣ ያስቀየምኩሽን አውቃለሁ። የራሴን ጥፋት አንቺ ላይ ጭኜ፣ ተስፋ ሰጥቼሽ መልሼ ወሰድኩብሽ። ይቅር በይኝ። አልጋውን ግን ለማንም እንዳትሰጪብኝ። ባቡሩ አዳማ ስለሚቆም በጥር ሁለቱንም ይዣቸው እመጣለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ አንቺ ትመጫለሽ። እስከዚያ አንድ ነገር ልለምንሽ። ልጆቹ አሥር ሰዓት ላይ ከእንቅልፋቸው ይነሳሉ። ለአንቺም ከትምህርት ቤት የምትመለሺበት ሰዓት ነው። በስልክሽ ተረት እየቀዳሽ ላኪልን፣ አጭርም ቢሆን። ስለዚህ ነገር ለፀዲ ስነግራት ወዲያው ካርድ ቆርጣ አንቺን ሳለችሽ፣ ፀጉርሽን ከራስሽ አስበልጣ።

ለአባባ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ጎሳዬ የያዘው ቴምር ለእሳቸው ነው፣ ጠዋት ጠዋት በሻይ ይብሉት። አብራሽ ላለችው ለስርጉት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ በትምህርቷ ትበርታ በያት። ጎረቤትሽን ወይዘሮ ዙፋንንም እንዲሁ። ሐዲጃም ሳላውቃት እወዳታለሁ ብላሻለች። ጀንበሬ ተረቱ ውስጥ ጅብ ይኑርበት፣ ግን አይብላ ይላል። ፀዲ ጉንጭሽን ትስምሻለች። ካርድሽን የሰቀለችው በሁለት መቆንጠጫ ነው። ለምን ሁለት ብላት፣ ይህቺን ማንም እንዳያዛውራት ነው አለችኝ።

የምትወድሽ እህትሽ
በለጡ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6
ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.